ድሬ ላይ ላቬንደር ለምን ይሞታል? ለምንስ አያብብም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ጥር ላይ ከአዲስ አበባ አራት የላቬንደር ችግኝ ገዝቼ መጣሁ። ጓሮ ቆፍሬ፣ ፍግ ቀላቅዬ ተከልኳቸው። ሙቀታችን የታወቀ ነው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣቸዋለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ጠወለጉ። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው እያጣጣረ ነው። አራተኛው ለምልሟል፤ ግን አበባ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቴ "የድሬ ውሃ ኖራ ነው፣ እሱ ነው የገደለው" ትለኛለች። ሐረር ያለችው እህቴ ግን ያንኑ ተክል ተክላ ዓመቱን ሙሉ ያብብላታል። እኔ የተከልኩት ለሽታውም፣ ለትንኝም ይሆነኛል ብዬ ነው። ምን ቫይታሚን ልስጠው?»

ምላሽ፦ ቫይታሚን አያስፈልገውም። ማዳበሪያም አያስፈልገውም። ሁለቱን ችግኞች የገደላቸው የውሃው ብዛት ነው። ሦስተኛውም በዚያው መንገድ ላይ ነው። (ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይወደድ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።)

ላቬንደር የሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ተክል ነው። ያደገው ድንጋያማና ደረቅ ተዳፋት ላይ ነው። ሥሩ የለመደው ዝናብ ወርዶ ወዲያው የሚያልፍበትን ጠጠራማ አፈር ነው። ውሃ ይፈልጋል፤ አየርም እኩል ይፈልጋል። ጠዋትና ማታ በሚጠጣ አፈር ውስጥ አየር የሚገባበት ክፍተት ሁሉ በውሃ ይሞላል። ሥሩ ይታፈናል። ከዚያ ፋይቶፍቶራ የሚባሉት፣ እርጥብ አፈር የሚወዱ ሥር አበስባሾች ይገቡበታል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። እንግዲህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ሲጠወልግ ያየ ሰው ጠምቶታል ብሎ ይጨምርለታል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ችግኞቼን የጨረስኳቸው በዚሁ ደግነት ነው።

ጥማትና መበስበስን መለየት ከባድ አይደለም። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቢ። ደረቅ ከሆነና ተክሉ ከጠወለገ፣ ጠምቶታል፤ አጠጪው፣ በማግሥቱ ቀና ይላል። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ ታሟል። እርግጠኛ ለመሆን የሞተውን ነቅለሽ ሥሩን እዪ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ሲነካ ቅርፊቱ ይላጣል። ብዙ ጊዜ ይሸታል።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ክስ። የድሬ ውሃ ኖራማ መሆኑን ማንቆርቆሪያችን ይመሰክራል። ግን ላቬንደር ከኖራ ጋር ጠብ የለውም። በዓለም የታወቀው የደቡብ ፈረንሳይ ላቬንደር የሚበቅለው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ከ6.5 እስከ 8 ድረስ ቢሆን ይመቸዋል። ኖራ የሚያስቸግራቸው ተክሎች ምልክታቸውም ሌላ ነው። አዲሱና የላይኛው ቅጠል ቢጫ ይሆንና የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ያንቺዎቹ የጀመራቸው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው። ስለዚህ ውሃውን በነጻ አሰናብቺው። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃ ሲጠፋ ብዙ ሰው የልብስ ማጠቢያውን እጣቢ ለአትክልት ያፈሳል። ለላቬንደር አታድርጊው። የሳሙናው ሶዲየም ከኖራ የተለየ ነገር ነው፤ አፈሩን ይደፍነዋል፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ፍጉም ስሕተት ነበር። ለጎመንና ለቃሪያ የሚጠቅመው ሁሉ ለዚህ ተክል አይጠቅምም። ፍግ ውሃ ይይዛል፣ ናይትሮጅኑም ብዙ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ላቬንደር ለስላሳና ረጅም ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ሽታው ይቀንሳል፣ አበባውን ይረሳል። «ለምልሟል ግን አያብብም» ያልሽው የአራተኛው ችግኝ ምክንያት በከፊል ይኸው ነው። ዩሪያና ዳፕም ከግቢሽ ይራቁ።

ከፊል ያልኩት ሌላው ምክንያት ስለሚበልጥ ነው። እህትሽ ያላት «ያንኑ ተክል» አይመስለኝም። ፍንጩን የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ፤ «ዓመቱን ሙሉ ያብብላታል» ብለሻል። ገበያ ላይ በብዛት የሚወራለት ላቬንደር፣ ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ፣ በዓመት አንድ ወቅት ነው የሚያብበው፤ ቢበዛ ትንሽ ይደግማል። ዓመቱን ሙሉ የማበብ ጠባይ ያለው ሌላው ዘመዱ ነው።

ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሁሉም «ላቬንደር» ነው። ዝርያዎቹ ግን ጠባያቸው እንደ ደጋና ቆላ ሰው ይለያያል። አንጉስቲፎሊያ ጠባብና ዳሩ ለስላሳ የሆነ ግራጫማ ቅጠል አለው። በትውልድ አገሩ ከፍ ባለ፣ ክረምት በረዶ በሚያይ ቦታ ይበቅላል። አበባ ለማውጣት ለሳምንታት የሚቆይ ብርድ ይፈልጋል። የቀን ርዝመትም ያግዘዋል፤ በደቡብ ፈረንሳይ የበጋ ቀን ከ15 ሰዓት ያልፋል። የኛ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የድሬ ታኅሣሥም ለኛ ለነዋሪዎቹ ካልሆነ በቀር ብርድ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ያ አራተኛው ችግኝሽ ጤነኛ ሆኖ ለዓመታት ያለ አበባ ቢቀመጥ አይግረምሽ። የሚጠብቀው ምልክት አልደረሰውም።

ላቫንዲን የሚባለው ድቅል ከአንጉስቲፎሊያ ይተልቃል፣ ሽታው ወደ ካምፎር (ካፉር) ያደላል፣ ዘር አይሰጥም፤ የሚባዛው በቁርጥራጭ ብቻ ነው። ላቫንዱላ ስቶይካስ ደግሞ አበባው ጫፍ ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ የቆሙ ቅጠሎች አሉት፤ በጣም ያምራል። ኖራ የማይመቸው እሱ ነው። ጎረቤትሽ ስለ እሱ ቢሆን ኖሮ የምታወራው ትክክል ትሆን ነበር።

ድሬ ላይ የምመክርሽ ላቫንዱላ ዴንታታን ነው። «ዴንታታ» በላቲን ባለጥርስ ማለት ነው። የቅጠሉ ዳር እንደ ደቃቅ መጋዝ የተከረከመ ስለሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ከሜዲትራንያን ሌላ በየመን ተራሮችም በዱር ይበቅላል። ከባሕሩ ማዶ ጎረቤታችን ነው ማለት ነው። አበባ ለማውጣት ብርድ አይጠይቅም። ሙቀትንም ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል። ጉድለት አለው፤ ሽታው እንደ አንጉስቲፎሊያ ጣፋጭ አይደለም፣ ወደ የጥብስ ቅጠል ይጠጋል። ለሽታ ብቻ የምትፈልጊው ከሆነ ትንሽ ቅር ሊልሽ ይችላል። ያም ሆኖ ከማያብብ ጣፋጭ የሚያብብ መራራ ይሻላል።

ስትገዢ ቅጠሉን አሽተሽ አሽትቺው። ወይንጠጅ አበባ ያለው ሌላ ተክል ላቬንደር ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽታ ከሌለው ላቬንደር አይደለም፤ ሻጩ የፈለገውን ይማል።

የሐረርን ነገር ደግሞ በቦታው እናስቀምጠው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው የ55 ኪሎ ሜትር መንገድ ቢሆንም፣ የሙቀት ልዩነታቸው ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይደርሳል። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መስኮት ይዘጋል። ለላቬንደር ትልቁ ልዩነት የሌሊቱ ነው። ሐረር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ተክሉ ያርፋል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ሌሊቱም አያሳርፍም። ስለዚህ የእህትሽን አያያዝ ቀድተሽ ድሬ ላይ ብትሠሪበት አይሳካልሽም። ለእሷ የሚያሰጋት ጠላት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ላይ ትትከለው፤ በክረምት ጠብታ ውሃ አትጨምርለት።

አንቺ መሬቱን ተይውና በሸክላ ትከዪ። ፕላስቲክ፣ በተለይ ጥቁሩ፣ በድሬ ፀሐይ ሥሩን ይቀቅለዋል። ሸክላ በግድግዳው ይተነፍሳል፣ ውሃውም በትነት ስለሚወጣ ይቀዘቅዛል። ጀበናን የሚሠሩት ሴቶች የአበባ ማስቀመጫም ይሠሩልሻል፤ ከታች ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እንዲያወጡ አደራ በያቸው። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለአንድ ትንሽ ችግኝ በርሜል የሚያክል ዕቃ አትስጪ፤ ሥሩ የማይደርስበት አፈር እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።

ከሸክላው ታች ጠጠር መደርደር የሚባለውን ነገር እርሺው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ አይሠራም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልቅ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ረግረጉን ወደ ሥሩ አቀረብሽው ማለት ነው። ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር አዋሕጂው። እኔ ግማሽ ያህሉን ሻካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር፣ ግማሹን የጓሮ አፈር አደርጋለሁ። ከደረቅ ወንዝ የሚወጣው አሸዋ ጥሩ ነው፤ እንደ ደቻቱ ያለው። ብቻ በባልዲ ሁለት ሦስቴ እጠቢው፤ ደለሉ ካልወጣ ሲሚንቶ ይመስላል። ድብልቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አንድ ሊትር ውሃ አፍሺበት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከታች መንጠባጠብ ካልጀመረ አሸዋ ጨምሪ። የአፈሩን ፊት በነጭ ጠጠር ሸፍኚው፤ ብርሃን ይመልሳል፣ ግንዱንም ደረቅ ያደርገዋል። ገለባ አታልብሺው።

ቦታው ወሳኝ ነው። ላቬንደር በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ይህን የጻፉት ሰዎች የሰኔን የድሬ ፀሐይ አስበው አይመስለኝም። የጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ስጪው። ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ የቤት ጥላ ወይም የኒም ዛፍ ጥላ ይድረሰው። ከሁሉ የከፋው ወደ ምዕራብ የዞረ የቆርቆሮ አጥር ሥር ነው። ቆርቆሮው ሙቀቱን መልሶ ይተፋበታል። ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይመረጣል። ከአንድ በላይ ከተከልሽ በመካከላቸው 60 ሴንቲ ሜትር ተዪ።

ውሃ በሰዓት ወይም በቀን አይለካም፤ በጣት ነው። የላይኛው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ከታች እስኪፈስ አጠጪ፣ ከዚያ ተይው። ሸክላ ላይ ላለ ተክል በድሬ ሞቃት ወራት ይህ በየሦስት አራት ቀኑ ሊመጣ ይችላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በሳምንት አንዴ ይበቃል። አዲስ የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከሥር፤ ቅጠሉን አታርጥቢው። ጠዋትና ማታ የሚጠጣው በሶብላ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፣ ጦስኝም እንደዚሁ፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም።

የተከላ ጊዜሽም አላገዘሽም። በጥር የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ሙቀቱ ይደርስበታል። ድሬ ላይ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ከፊቱ ሦስት አራት ለስላሳ ወር አለው።

አበባው ሲደርቅ ተክሉን ከርክሚው፤ ከአረንጓዴው ክፍል ሲሶውን ያህል። ወደ እንጨቱ፣ ቅጠል ወደሌለበት ቡናማ ክፍል አትውረጂ። ላቬንደር ከአሮጌ እንጨት ዳግም ማቆጥቆጥ ይከብደዋል። ካልተከረከመ ደግሞ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጡ ባዶ፣ እግሩ ረጅም ይሆናል። ተክሉ ዘላለም አይኖርም። በኛ ሙቀት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ካገለገለሽ ጥሩ ነው፤ ምትኩን በቁርጥራጭ ቀድመሽ አዘጋጂ።

ትንኝን በተመለከተ ጠንከር ልበል። ግቢ ውስጥ የቆመ ላቬንደር ትንኝ አያባርርም። ዘይቱ ያለው ቅጠሉና አበባው ላይ ባሉ ደቃቅ ዕጢዎች ውስጥ ታሽጎ ነው። ሲታሽ ይወጣል፣ ካልታሸ እዚያው ነው። የተጨመቀው ዘይት በቆዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ትንኝን ሊያርቅ ይችላል፤ በመስኮት ሥር ካለ ማሰሮ ግን ይህን አትጠብቂ። ድሬ ደግሞ በትንኝ የምትቀልድ ከተማ አይደለችም። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ያላመመው ቤት ስንት ነበር? ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ናት። የምትነክሰው በቀን ነው፤ የምትራባው በትንንሽ የውሃ ዕቃዎች ውስጥ ነው። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝም ከተማችን ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ነው ላቬንደርሽ ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳሽ የሚችለው። ውሃ ወለሉን እንዳያበላሽ ብለሽ ከማሰሮው ሥር ሳህን አስቀምጠሽ ይሆናል። በሳህኑ ውስጥ የቆመ ውሃ በኛ ሙቀት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለ ጊዜ እንቁላሉን ትንኝ ያደርገዋል። ሳህኑን አንሺው። በምትኩ ማሰሮውን በሦስት ጡብ ላይ አስቀምጪ። በርሜልና ጀሪካንሽን ክደኚ። ለሌሊት አጎበር፣ ለቀን የሚቀባ መከላከያ ተጠቀሚ። ላቬንደሩ ለዓይንና ለአፍንጫ ይሁንሽ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ። ዝርያውን ሳታውቂ አፍልተሽ አትጠጪ። ካምፎር የሚበዛባቸው ዝርያዎች ለሻይ አይሆኑም። የተጨመቀውን ዘይት ልጆችና ድመት ከማይደርሱበት አስቀምጪ፤ መዋጥ የለበትም።

አሁን ወደ ቀሩት ሁለት። እያጣጣረ ያለውን ዛሬ ንቀዪው። ጠቁሮ የለሰለሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጠሽ ጣይ። ነጭ ሥር ከቀረው በአሸዋማው ድብልቅ ውስጥ ተክለሽ፣ ከላይ ሲሶውን ቆርጠሽ፣ ለአሥር ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጪው። ነጭ ሥር ከሌለው አትልፊ። የነበረበትን አፈር ለሌላ ላቬንደር አትጠቀሚበት፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ለምልሞ የቆመውን አራተኛውን ዝናብ ሳይመጣ ወደ ሸክላ አዛውሪው። አበባ ባይሰጥሽም ቅጠሉ ይሸታል። እንደዚያ ከተቀበልሽው ጥሩ ጎረቤት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ከመሰለሽ ደግሞ የጥብስ ቅጠል ትከዪ። ስቀልድ አይደለም። ዘመዱ ነው፣ ግራጫማ አረንጓዴ ነው፣ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ አለው፣ ንብ ይወደዋል። ድርቅንም ይችላል። በላዩ ላይ እሁድ ጥብስ ላይ ይገባል።

ላቬንደር ይሁን ካልሽ ግን ሌላ ችግኝ ከመግዛትሽ በፊት ለእህትሽ ደውዪ። የቅጠሉን ዳር ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። ጥርስ ካለው የምትፈልጊው ተክል ሐረር ላይ በነጻ አለሽ። ጥቅምት ላይ ወደ ሐረር ውጪ፣ ያላበቡ ቅርንጫፎች ምረጪ፣ ከጫፍ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ። አሥር ቁረጪ፤ ሁሉም አይይዝም። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለሽ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር በጠዋቱ ሚኒባስ ውረጂ። ቤት ስትደርሺ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ነቅለሽ በታጠበ አሸዋ ውስጥ ሰክተሽ ጥላ ውስጥ አቆዪው። አሸዋው ሳይረግግ እርጥብ ይሁን። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ሥር ይሰዳል። ቀስ ብለሽ ስትስቢው እምቢ ካለሽ ይዟል።

ጥርስ ከሌለው ግን ከእህትሽ ዘንድ ምንም አታውርጂ። እዚያው ሐረር ይብቀል።